አሠራሩ እንደ ሰላጣ

እኔን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ጎረቤት ደጃፌ ላይ ቆሞ ስለ ወጥ ቤት ሥራ ሲጠይቅ ዓይኑ እኔን ዘሎ ከኋላዬ ያለችውን ልጅ ይፈልጋል። እሷ ደብተር አላት፤ እኔ ያለኝ እጅ ብቻ ነው። ይኸው እጅ ግን ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፓፓያ ልጧል፣ አናናስ ከትፏል፣ ሚኒስትር አብልቷል። ያን የበሉ ሰዎች ዛሬም አዋሳ ውስጥ አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጤና ይስጥልኝ ብለው ያልፋሉ እንጂ፣ ገበያነሽ ያን ነገር እንዴት ነበር የምትሠሪው ያለኝ አንድ አልተገኘም። የዛሬ ሰው ወረቀት ያልመሰከረለትን አያምንም። ደግ። እኔም በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለ ቆጠርኩ ይህችን በገዛ እጄ እጽፋታለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሬ አይንጋደድም።

ደብተር ያላት ልጅ ጽጌሬዳ ናት፤ የወንድሜ የወልደጻድቅ ልጅ። ከቦዲቲ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ቤቴ ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል። የሴቶች ማኅበር የከፈተውን የሦስት ወር የምግብ ሥራ ኮርስ ጨርሳ ያገኘችውን ምስክር ወረቀት ከአልጋዬ ራስጌ በምስማር መታችው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የእሷን ማኅተም ነው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ትሠራለች፣ ታጥባለች፣ እግሬ ሲያብጥ ታሽልኛለች። ክፋቷ አንድ ነው፤ ደብተር ላይ ያልሰፈረ ነገር ስነግራት ፈገግ ትላለች። ያቺ ፈገግታ ከስድብ ትብስብኛለች።

ነገሩ የሆነው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ሆቴሉ ለወጥ ቤት አንዲት ሴት ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ያመለከቱት ብዙ፣ ለፈተና የቀሩት ሦስት፣ ከሦስቱ አንዷ ጽጌሬዳ። ፈተናው ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው ተባለ፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሠሩት ምግብ በወረቀት ተጽፎ ተሰጣቸው። የእሷ ወረቀት «የፍራፍሬ ሰላጣ» ይላል።

በዚያው ሳምንት የወንድሜ ደብዳቤ መጣ። ሥራ ካገኘች ትቆይ፣ ካላገኘች ግን ግንቦት ሳይገባ ላኪያት ይላል፤ ሚስቱ ሞታ አምስት ልጅ የቀረበት ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል፣ እኔም እሺ ብያለሁ ይላል። ደብዳቤውን ያነበበችልኝ ራሷ ናት፤ አንብባ አጥፋ ከሣጥኑ ላይ አስቀመጠችውና ወጥታ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ንጹሑን ልብስ ነው ያጠበችው። ከዚያ ወዲያ እሷም እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተን። እሷ ትነሣለች፣ እኔ እነሣለሁ፤ በሩ ላይ እንጋጫለን። ከመናኸሪያው የአውቶቡስ ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር በቦዲቲ የሚያልፈው የሶዶው ይመስለኝና ልጅቷን ሊወስዳት የመጣ ያህል በሩን እዘጋለሁ።

ሆቴሉን እኔ እንዴት እንደ ወጣሁ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የሚከተለው አይገባም። ሆቴሉ ድሮ ሙሴ ፒኖ የሚባል ጣሊያን ነበር የሚያሠራው፤ ጣፋጩንም ፍራፍሬውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። መንግሥት ሲወርሰው ሙሴ ፒኖ አገሩ ገባ፣ በምትኩ ግዛቸው የሚባል የአስተዳደር ኃላፊ መጣ። ግዛቸው በመጣ በሳምንቱ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በጓሮው መስኮት ትይዩ፣ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ አሰቀለ። የቀኑ ምግብ በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ወጥ ቤት አይገባም ተባለ። አንድ ሰው አንዴ ያንብብልኝ፣ የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። «እማማ፣ ታዲያ ሰሌዳውን የሰቀልነው ለማን ነው?» አለኝ፤ ሰዎቹም ሳቁ። እኔም ቆሻሻ የሞላውን ገበቴ፣ የፓፓያውን ልጣጭ ከነፍሬው፣ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩለት። የተባረርኩበት ደብዳቤ «ባለመማር» ይላል እንጂ ስለ ልጣጩ አያነሣም። በኋላ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብኩት ያን ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት የጽጌሬዳን ሳህን የሚቀምሰው ይኸው ግዛቸው ነው።

ሐሙስ ገበያ አብረን ወጣን። ወርቄ የምትባል የፍራፍሬ ደንበኛ አለችኝ፤ የሲዳማ ሴት ናት፣ አማርኛዋ አጭር፣ እውነቷ ረጅም። ጽጌሬዳ እንደ ድንጋይ የደረቀ አረንጓዴ ፓፓያ መርጣ ብታነሣ ወርቄ ከእጇ ተቀበለቻትና «ይሄ ለወጥ ነው?» አለቻት። በወገቡ ዙሪያ ቢጫ የገባውን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ የሚለውን ሰጠቻት። አናናሱን እኔ መረጥኩ፤ ቂጡን አሸትቼ፣ የመሐል ቅጠሉን ስቤ፣ ሳይታገለኝ ሲነቀል። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና ሎሚ ጨመርን። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በካርድ የወጣ ትንሽ ነበረን።

ቤት ስንደርስ መጀመሪያ አንቺ ሥሪና ልይሽ አልኳት። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሣሁ። እሷ ደብተሯን ከውኃ ራቅ አድርጋ ከፈተች፤ ፓፓያውን ላጠች፤ መክተፉ ላይ መጥፎ አይደለችም። ከዚያ ቀይ ሽንኩርት አወጣች። ለምሳ ይሆናል አልኩ። ቃሪያ አወጣች። ለምሳ ነው አልኩ። ዘይቱንና የአቼቶውን ጠርሙስ ስታነሣ ግን ተንደረደርኩ፤ ከመድረሴ በፊት ያ የሚያምር ፓፓያ ላይ አፈሰሰችው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሰላጣ ነዋ፣ አክስቴ።»

«ሰላጣ ቅጠል ነው። ይህ ፍሬ ነው።»

«የፍራፍሬ ሰላጣ ነው የተባለው። አሠራሩ ተጽፏል፣ ይዩት።»

ደብተሩን ወሰድኩ። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ ጊዜ ይወስድብኛል፤ እሷም ጊዜዬን ጠበቀች። ፓፓያ፣ ሙዝ፣ አናናስ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን ይላል። ከሥሩ «አሠራሩ፦ እንደ ሰላጣ» ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። የቀረው የት ሄደ ብላት አስተማሪዋ ያን ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ሳለ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ለሰልፍ ጠራ አለችኝ። ጠመኔዋን ጥላ ወጣች፣ ተማሪዎቹም ተከትለው ወጡ። በማግስቱ ስለ ዶሮ ጥብስ ነበር ትምህርቱ። እንግዲህ አስተማሪዋ እንደ ሰላጣ ስትል እንደ ሰላጣ ይከተፍ ማለቷ ይሁን፣ እንደ ሰላጣ ቀዝቅዞ ይቅረብ ማለቷ ይሁን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። የእኔዋ ልጅ የምታውቀው ሰላጣ ግን በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በዘይትና በአቼቶ የሚታሸው ነው፤ ያንኑ ሠራች። ሦስት ወር ተምራ።

ወደ ጎን በይ አልኳት።

ይህን ምግብ ሙሴ ፒኖ ማቼዶኒያ ነበር የሚለው፤ እኛም እንደዚያው። መጀመሪያ ቢላዋ ነው። የእኔ ቢላዋ ጠባብ ናት፣ እሱ ሲሄድ የሰጠኝ፤ ሽንኩርት ነክታ አታውቅም፣ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ ነው የምትኖረው። ሽንኩርት የነካ ቢላዋ አናናስን ይገድለዋል። የመክተፊያውን ጣውላ በሎሚ ቁራጭ አሸሁት፤ ጎምዛዛ ነገር የሽንኩርቱን ሽታ ያባርራል። ፓፓያውን ለሁለት ከፍዬ ጥቁሩን ፍሬ በማንኪያ ጠረግኩ፤ አናናሱን ልጬ ዓይን ዓይኑን ነቀልኩ፣ የመሐሉን እንጨት ጣልኩ። ሁሉም የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይከተፋል፤ ያነሰ ይላሽቃል፣ የተለቀ አፍ ያስከፍታል፤ ሚኒስትር አፉን አይከፍትም። ማንጎውን ከአጥንቱ ጨርፌ አወጣሁ። አንዱን ብርቱካን ከነጭ ቆዳው አጽድቼ ጨመርኩ፣ ሁለተኛውን ጨምቄ አፈሰስኩበት፤ ውኃ አይገባም፣ ውኃ የሚጨምር ሌባ ነው። ስኳሩን በተንኩበት፣ ሎሚ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ሙዝ በመጨረሻ ነው፤ ሰው ማዕድ ላይ ሲቀርብ። ቀድሞ የገባ ሙዝ ይጠቁርና የቤቱን ስም ያጠቁራል። ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ከእንስራው ሥር፣ ከቀዝቃዛው መሬት ላይ አኖርኩት።

ይህን ሁሉ ስሠራ ጽጌሬዳ ከጎኔ ቆማለች። እስክሪብቶ ይዛለች፤ አልጻፈችም። ማቼዶኒያ የሚል ደብተሬ ላይ የለም አለች፤ ደብተርሽ ላይ የሌለው ብዙ ነው አልኳት።

እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ ሙዙን ጨምሬ ሁለቱን ሳህን አቀረብኩ። የራስሽን ብዪ አልኳት። በላች። እልኸኛ ናት፣ በእኔ ወጥታለች፤ ቃሪያው ዓይኗን እያስለቀሳት ጥሩ ነው አለች። ሁለተኛ ጎረሰች። ሦስተኛውን መዋጥ አቅቷት ወደ ደጅ ሮጠች። ጣራው ላይ የቆመው አባ ኮዳ፣ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ የሚለቅመው ያ ትልቅ ወፍ፣ የተፋችውን አየና ክንፉን ዘርግቶ ወረደ፤ ቀረብ ብሎ ተመለከተው፤ ጥሎት ሄደ። በሳቅ ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሷም ሳቀች። ገብታ የእኔን ሳህን ሳትናገር ጨረሰችው።

ከዚያ ሳቋ ቆመና እንዲህ አለችኝ።

«የእርስዎ ይጣፍጣል፣ አክስቴ፤ እሱን መካድ አልችልም። ግን ግዛቸው እጅ ያለው ወረቀት የእኔን ደብተር የሚመስል ከሆነስ? ዘይቱን ረሳች፣ ሽንኩርቱን ረሳች ብሎ በየተራ ቢሰርዝብኝስ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። መልስ ሲያጣ የሚሳደብ አፍ አለኝና፣ አናናስን በሽንኩርት የሚበላ ሰው ቤት ባትገቢ አይቆጭሽ አልኳት።

«ሆቴሉ አይቆጨኝም» አለች። «የሚቆጨኝ ቦዲቲ ነው።»

ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ምን ልበላት? እኔ የማውቀው የሚጣፍጠውን ነው እንጂ ወረቀት የሚያልፈውን አይደለም። ወረቀት እኔንም ጥሎኛል።

ዓርብ ጠዋት ተነሥታ ተጣጠበች፣ ጠጉሯን ጎነጎነች፣ ደብተሯን በላስቲክ ጠቀለለች። የትኛውን ነው የምትሠሪው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ጋሪ ጠርታ ሄደች። የፈረሱ ኮቴ ከመታጠፊያው እንደ ጠፋ ሣጥኔን ከፈትኩ። ጨርቁ ባዶ ነው፤ ቢላዋዬ የለም። ተባረኪ ልጄ አልኩ። ደስታዬ መደርደሪያው ጋ እስክደርስ ነበር፤ የአቼቶው ጠርሙስም የለም።

ቢላዋም አቼቶም። የቱን ልመን? ሽንኩርት በእኔ ቢላዋ እየከተፈች ታየኝ። በርጩማውን ወደ በር ወሰድኩት፣ ፀሐይ መታኝ፣ ወደ ግድግዳ መለስኩት፣ ግድግዳው አፈነኝ። ምስር ልልቀም ብዬ ትሪ አነሣሁ፤ የለቀምኩትንና ያልለቀምኩትን ቀላቀልኩት። ጎረቤት ሄድኩ፤ ቁጭ በይ ሲሉኝ ተመለስኩ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አሁን እየላጠች ነው። አምስት ሆነ፤ አሁን እየቀመሰ ነው። ከመናኸሪያው ጡሩምባ ተነፋ፤ ረዳቱ ሶዶ፣ ሶዶ፣ አንድ ሰው የቀረው ሲል እስከ ጓዳዬ ይሰማል። አንድ ሰው የቀረው። ወጥቼ አንተ አፍህን ዝጋ ልለው ደርሼ ነበር።

ብቻዬን መቅረቴንም አሰብኩ። ከልጅቷ በፊት ቤቱ እንዴት ዝም ይል እንደ ነበር ረስቼዋለሁ። ከራስጌዬ ያለውን ምስክር ወረቀት አየሁ፤ ተንጋዷል። አቃናሁት። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

ሰባት ሰዓት ሲያልፍ መጣች። ጋሪ አልያዘችም፣ በእግሯ ነው። ፊቷ ምንም አይናገርም። ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ቢላዋዬን ማጠብ ነው፤ አድርቃ፣ በጨርቋ ጠቅልላ፣ ሣጥን ውስጥ አኖረቻት። አላስቻለኝም፤ ክንዷን ይዤ ወደ እኔ አዞርኳት።

አለፍኩ አለች።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ ነገረችኝ። የሆቴሉ መክተፊያ ጣውላ በሽንኩርት ጠግቧል፤ ሎሚ የተሰጣት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ለሳህኑ ነው። አቼቶውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጣውላውን አሸችበት፣ አጠበችው፣ ከዚያ ከተፈች። አቼቶውን የወሰደችው ግዛቸው ሽንኩርቱስ ዘይቱስ የት አለ ካላት ወዲያው ለመጨመር ነበር፤ ጣውላውን ስታሸት ግን ተንጠፍጥፎ አለቀና ምርጫውም አብሮ አለቀ። ሙዙን ኃላፊው ማንኪያ እስኪያነሣ ጠብቃ በፊቱ ከተፈችው። ግዛቸው አንዴ ቀመሰ፤ ማንኪያውን አቆመ። ሁለተኛ ቀመሰ። ሳህኑን ወደ ራሱ አስጠግቶ ባዶ አደረገው፤ ወረቀቱን አላየም።

ይህን ስሰማ ጥርሴ ታየ። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አሸሸች፤ የሆነ ነገር እንደ ቀረ ገባኝ። የቀረውን አምጪ አልኳት።

«ማን አስተማረሽ አለኝ» አለች።

«አንቺስ?»

«ኮርስ ላይ ነው የተማርኩት አልኩት።»

ክንዷን ለቀቅኳት። ይበልጥ ፈራችና ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው። ግዛቸው ሳህኑን ከበላ በኋላ እንዲህ ብሏል። እዚህ ቤት እንዲህ አድርጋ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ካሰናበትን ወዲህ ይህን ጣዕም አላገኘሁትም። ጽጌሬዳ አክስቴ ናት ልትል አፏን ከፍታ ሳለ፣ ግዛቸው የዚያች ሴት ምላስ ግን እሳት ነበር፣ የዘመዷን ዘር እንኳ እዚህ ግቢ አላስገባም ብሎ ሳቀ። አፏን ዘጋች። ሥራው ሰኞ ይጀምራል፤ ንባብሽና ጽሕፈትሽ ደኅና ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ ሰሌዳውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ ብሏታል።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንዱ ዙር ለንዴቱ፣ አንዱ ለሌላው። ሰባት ዓመት ሙሉ ጣዕሙን ሲፈልግ ኖሯል ማለት ነው ያ ሰውዬ፤ አፉ ያስታውሰኛል። ስሜን ግን ልጅቷ ዋጠችው፤ የገዛ ደሜ፣ በገዛ ቢላዋዬ ከትፋ። ልቤ ሄደሽ አሁኑኑ ንገሪው ይላል። ብትነግረው ደግሞ በማግስቱ የሶዶው አውቶቡስ ላይ ናት። እሷ በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ ከፈለጉ ሄጄ እነግረዋለሁ ትላለች። እውነቷን ነበር፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ተመልሼ ገባሁ። እንባሽን ጥረጊና ደብተርሽን አምጪ አልኳት። አመጣች። «አሠራሩ፦ እንደ ሰላጣ» የሚለውን ሰርዢው አልኳት፤ ሰረዘችው።

«አሁን ስሚኝ» አልኳት። «ለግዛቸው ምንም አትነግሪውም፤ እንጀራሽን ብዪ። ሰኞ ጠዋት ግን ጠመኔውን ስታነሺ የፍራፍሬ ሰላጣ ብለሽ እንዳትጽፊ። ማቼዶኒያ ብለሽ ጻፊ። በትልቁ፣ ከላይ፣ ከሾርባው በፊት። ምንድን ነው ቢልሽ የምግቡ ስም ነው በዪው። እኔ ረፋዱ ላይ በጓሮው በኩል መጥቼ በመስኮቱ አነበዋለሁ፤ በጣቴ እየተከተልኩም ቢሆን አነበዋለሁ። አንዲት ፊደል ጎድላ ባገኝ ግን በዋናው በር ነው የምገባው፣ ገበቴዬንም ይዤ። አሁን እዚህ ደብተርሽ ላይ ጻፊልኝና ልየው።»